ቀይ እርማት

ቅዳሜ ጠዋት ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ቁርስ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ከፊቴ ዘረጉት። የክስ ወረቀት ነው። አውሮራ ከተማ ካለው ሐይቅ ሦስት ዓሣ ይዘው ተገኝተዋል፤ ሦስቱም ከተፈቀደው ልክ ያነሱ ናቸው። ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ተጠርተዋል። ጥፋተኛ ከተባሉ የማጥመጃ ፈቃዳቸው ሊታገድ ይችላል።

አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። የማጥመጃውን ደንብ በአማርኛ ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ባልዲያቸው ላይ የለጠፉትን ማስመሪያ ገዝቼ፣ ዓሣ ከአፉ እስከ ጭራው ጫፍ እንደሚለካ ያሳየኋቸውም እኔው ነኝ።

"ጋሼ፣ ማስመሪያው ጠፋብዎት?"

"ለምን ይጠፋል? ሁሉንም ለክቻለሁ።"

"ታዲያ እነዚህ ሦስቱ?"

"ትልልቆቹን መለስኩ፣ ትንንሾቹን ያዝኩ።"

"እኔ የጻፍኩት ተቃራኒውን ነው!"

"አውቃለሁ" አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። "ገልብጠሽ ነበር የጻፍሽው። አረምኩልሽ።"

የጻፍኩላቸውን ወረቀትም አወጡ። "ትንሹን መልሱ" ያልኩት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ በላዩ በጥንቃቄ "ትልቁን መልሱ" ተብሏል። ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ፤ ብዙ አራሚም አይቻለሁ። ጽሑፌን አርሞ ፍርድ ቤት የተጠራ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

ቀይ ባሕር ዳርቻ የተወለዱ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ሰዋስው ላይ እኔን ያርሙኛል፤ ለምደውት ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ የመንገደኞች ዊልቸር ሲገፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ሥራውን ተዉ። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ሐይቁ ዳር ታወርዳቸዋለች፣ ስትመለስ ትወስዳቸዋለች። ሐይቁ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚቀሩት። ይህን የነገረችኝ ልጅየዋ ናት።

"ጥፋቴ ነው፣ አይደገምም ይበሉና ይገላገሉ" አልኳቸው።

"ያላጠፋሁትን? ትልቋ እኮ እናት ናት። አባቴ መረብ ሲጎትት መጀመሪያ የሚለቀው ሆዷ የከበደውን ነበር። አንዴ ኤሊ ገብታብን መረቡን በቢላ ቀዶ አወጣት። መረብ ስንጠግን ሳምንት ከረምን። አሁን አንቺ ስለ ባሕር ልታስተምሪኝ ነው?"

በጣም ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ስለ ጾም ዓሣ ለሬዲዮ ዘገባ እያዘጋጀሁ፣ ያለልክ ያልተጠመደ ዓሣ የሚሸጥ ፍለጋ ኮልፋክስን ላይ ታች እል ነበር። አንዱን ባለ ሱቅ "ይህ ዓሣ ከየት የመጣ ነው?" አልኩት።

"ከፍሪዘር።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከትልቁ ፍሪዘር።"

ሌሎቹም ከዚህ የተሻለ አልነገሩኝም። በዚያ ሁሉ መንገድ ለከርሞ ዓሣ ይኖራል አይኖርም ብሎ የሚጨነቅ ያገኘሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ተከሷል።

ሽማግሌው መሳሳታቸውን አስረግጬ ለመናገር አንድ የዓሣ ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። ትልልቅ እንስቶች ከትንንሾቹ እጅግ የበለጠ እንቁላል እንደሚጥሉ፣ እነሱንም ጭምር የሚጠብቅ ደንብ ያላቸው ውሃዎች እንዳሉ ነገረኝ። ይህን ለእሳቸው መናገሬ ትልቅ ስህተት ነበር። በቀጠሮው ቀን ከረባት አስረው፣ ዳኛዋን ሊያስተምሩ ተዘጋጅተው መጡ። መኪናዬን ፓርክ እስካደርግ እንኳ አልጠበቁኝም።

ኮሪደሩ ላይ የከሰሰቻቸው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ቆማለች፤ ልጃቸውን የምታክል ሴት ናት። ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱ።

"ጠይቂያት" አሉኝ። "እናቷ ከተበላች ማን ይወልዳል?"

ዳኛ ፊት ከሚሉት እዚህ ይበሉት ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ አስተረጎምኩ። ሴትየዋ አልሳቀችም።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች። "ግን ይህ ሐይቅ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እርስዎ የያዟቸው ሦስቱ ገና ለመራባት አልደረሱም።"

"አንድ ጊዜም አልወለዱም?"

"አንድ ጊዜም።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኛ ባሕር ይህን የሚያህለው ወልዷል" አሉ። ቀይ ባሕርና አውሮራ አንድ አይደሉም ብዬ ከአሥር ጊዜ በላይ ነግሬያቸው ነበር፤ ከእኔ ሲሰሙት ግን ወሬ ነው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስማቸው እስኪጠራ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ዳኛዋ ፊት፣ በፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በኩል ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ "ጥፋቴ ነው። ልጆች መሆናቸውን አላወቅኩም።"

ዳኛዋ ሠራተኛዋን አየቻት፤ ሠራተኛዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጉዳያቸው በማስጠንቀቂያ አለፈ። ከተደገመ ግን ፈቃዳቸው ይታገዳል።

እፎይ አልኩ። በሳምንቱ ስልኬ ይጮህ ጀመር። አንድ የታክሲ ሾፌር ነው የጀመረው። "እህቴ፣ ትልቁንም ትንሹንም መልሱ ካልሽ ምን ልንበላ ነው?"

"እኔ እንዲህ አላልኩም!"

"ሐይቁ ዳር የሚታደለው ወረቀት ላይ የጋዜጠኛዋ ጽሑፍ ይላል እኮ።"

ወዲያው ለሽማግሌው ደወልኩ። ቀዩን እርማት በቀይ ሰርዘው "ትንሹን መልሱ" የሚለውን መልሰው አስገብተዋል፤ ከሥሩ "ትልቋንም መልሱ" ብለው ጨምረዋል፤ ከዚያም ላይብረሪ ሄደው ኮፒ አድርገውታል።

"ጋሼ፣ ሁለተኛው እዚህ ሐይቅ ላይ ሕግ አይደለም! ያልተጣራ ነገር ጽፌ አላውቅም።"

"ባለሙያው እውነት ነው አላለሽም?"

"ብሏል፤ ግን…"

"በይ እንግዲህ፣ ተጣርቷል።"

ማረሚያ ያድሉ ብዬ ለመንኳቸው፤ ማረሚያው እሱ ነው አሉኝ። ሾፌሮቹ ሲደውሉ እስካሁን አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

እሳቸው በየቀኑ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንሹንም ትልቁንም ሲመልሱ ከርመው፣ ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያውን ዓሣ ይዘው ፎቶ ላኩልኝ። ማስመሪያው ላይ ተጋድሟል፤ አጉልቼ አየሁት፣ ከተፈቀደው ልክ አልፏል። ከጭራው ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ማስመሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ሌላ መስመር አለ። ዓሣው እዚያ አልደረሰም።