አያ ተስፋውና በግ የበላው ካርታ

አያ ተስፋው ፊደል አልቆጠሩም፤ የቀበሌያችንን ድንበር ግን እንደ እርሳቸው አድርጎ የሚያውቅ አልተፈጠረም። ሁለት ጎረቤታሞች በማሳ ጠርዝ ሲጣሉ እርሳቸው ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱን ጉብታ ነካ ነካ ያደርጉና "ይችውላችሁ!" ይላሉ። ጠቡ እዚያው ያልቃል። ከቡሬ ወጣ ባለው ገጠር ሁሉ በዚህ ይታወቃሉ።

ስለዚህ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይዘጋጅ በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ለኮሚቴው መጀመሪያ የመረጠው እርሳቸውን ነው። እኔን መጻፍ ይችላል ብለው ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ።

የካቲት ላይ የወረዳዋ ባለሙያ ሜላት መጥታ በቀበሌው ግቢ ሰበሰበችን። ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የመነኩሴ ነው።

"አገራችሁን እመሬት ላይ ሣሉልኝ" አለች። "እኔ ወደ ወረቀት እገለብጠዋለሁ። ለሚመጡት ዐሥር ዓመታት የት እንደሚታረስ፣ የት ከብት እንደሚግጥ፣ በየት እንደሚታለፍ የሚወሰነው በእሱ ነው። እናንተ የረሳችሁትን ዕቅዱም ይረሳዋል።"

ደስ የሚል ሥራ ነበር። ለመንገዱ አመድ፣ ለማሳው ገለባ፣ ለግጦሹ እርጥብ ሣር፣ ለቤቱ ጠጠር አደረግን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው በእንብርክክ ሲሄዱ፣ አያ ተስፋው ቆመው በዱላቸው ያዛሉ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ወደ ወንዝ የሚወርደው የከብት መንገድ በእርሳቸው ማሳ ጥግ ያልፍ ነበር። በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፉ አርሰው ጨረሱት፤ በዚያ ዓመት በመስኖ ሽንኩርት ተክለውበት በእሾህ አጠሩት። ያሰቡት ለልጃቸው ለምናለ ነው። ምናለ ሊያገባ ነው፣ መሬት የለውም። መንገዱ ካልተሣለ ቦታው በእጃቸው ይቀራል። አመዱ እዚያ ሲደርስ አያ ተስፋው ደመና በሌለበት ሰማይ ላይ ደመና መፈለግ ጀመሩ። እኛም እያወቅን ዝም አልን፤ ሰውየውን እንወዳቸዋለና። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ምሳ ልንቀምስ ወደ ዋርካው ጥላ ዞር አልን። ስንመለስ ዐሥራ ሰባት በግ አገራችን ላይ ቆሟል። ግጦሹ አልቋል፣ ማሳው ተጋምሷል፣ መንገዱ ሁሉ ተረጋግጦ ጠፍቷል።

"የማን ናቸው እነዚህ?" ብለው አያ ተስፋው ዱላቸውን አነሱ።

ከበጎቹ ኋላ የአያ ተስፋው ባለቤት እትየ እህተ ማርያም ብቅ አሉ። "የእርስዎ ናቸዋ!"

"እና እቀበሌው ግቢ ምን አመጣቸው?"

"ውኃ ላጠጣቸው እየወረድሁ ነው። በየት ልሂድ ታዲያ? መንገዱን እርስዎ አጠሩት! ከዚያ ወዲህ በዚህ ስዞር ጉልበቴ አለቀ።"

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ሜላትን ነው። ከዚያ ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አያ ተስፋው ብቻ አልሳቁም። ሚስታቸውን አዩ፣ በጎቹን አዩ፤ ከዚያ የአመዱን ሣህን ከእጄ ተቀብለው ተንበረከኩ። ከመንደሩ እስከ ወንዙ፣ በሽንኩርታቸው መካከል፣ ቀጥ አድርገው አሰመሩት።

"ስፋቱ ስምንት እርምጃ ነበር፤ ጻፈው" አሉኝ።

ምናለ ሲሰማ አኮረፈ። ሜላት ከመንደሩ በላይ ያለውን የተራራ ግርጌ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ንብ ማነቢያ ብላ ዕቅዱ ውስጥ አስገባች፤ ይህም የምናለን ፊት አልፈታውም። ወር ሙሉ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ አንድ ሞሰብ ቀረቡ። አያ ተስፋው ሽንኩርታቸውን ነቅለው አጥሩን ሲያፈርሱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ምናለ ከሩቅ ያያቸው ነበር።

ዕቅዱ የሚጸድቅበት ቀን ደረሰ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ሕዝቡ ሞላ። የቀበሌው ሊቀ መንበር "በከብት መንገዱ ላይ ተቃውሞ ያለው?" ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ የምናለ ነው። እኔ ክው አልሁ። አያ ተስፋው አንገታቸውን ደፉ።

"ስምንት እርምጃ ያንሳል" አለ ምናለ። "ሁለት መንጋ ሲገናኝ አያሳልፍም። ከእኛው ማሳ ሁለት ይጨመርበት።"

እትየ እህተ ማርያም እልልታቸውን አቀለጡት። አያ ተስፋው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ትከሻቸው ሲርገበገብ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም። እኔ ስምንቱን ሰርዤ ዐሥር ብዬ ጻፍሁ።