የተማረ ሰው መነጽር

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ መግቢያ ላይ መነጽር ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት አንዱን አድርጎልኝ መሞከሪያ ጋዜጣ ሲያቀብለኝ፣ የዓሣው ሽታ ከሐይቁ በኩል መጣና ጓድ አስራትን አስታወሰኝ። ነፍሱን ይማረው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አስራት በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ካኪ ኮቱ ታጥቦ አያውቅም፣ መነጽሩን ግን ሲወለውል ይውላል። ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለውን ያን የማንበቢያ መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ መጽሐፉን በመስታወቱ፣ ሰውን ደግሞ ከመስታወቱ በላይ ያያል። አንድ ቀን ቤቱ ረስቶት መጣና አንዲት መስመር ማንበብ ቢያቅተው መዝሙር ሲያስዘምር ዋለ። ከዚያ እንኳ ምንም አልተማረም።

እናቴ ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ ዕድሜዋ ያኔ አርባ አምስት አልፎ ነበር። ሐይቁ ዳር ቆማ የሚመጣው ጀልባ የማን እንደሆነ ከሁሉ ቀድማ ትለያለች፤ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት ግን እኔ ነበርኩ። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ይህን የሚያሠሩት ሴት ልጆቻቸውን ስለነበር ነገሩ ማንንም አላስገረመም። ከፊደል የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ከዘጋ ወዲህ ሣጥን ውስጥ የደበቀችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለው ወንጌል ራሷ ማንበብ።

ተከትያት የመሠረተ ትምህርቱ አዳራሽ እገባ ስለነበር አይቻለሁ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰሌዳውን እንደ ውሃ ታንበለብለዋለች። የፈተናው ቀን ግን መጽሐፍ አስያዟት። ፊደሉ ተጨፈለቀባት። አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው።

«ሰሌዳውን ሸምድደሽ ነው የከረምሽው» አላት አስራት።

«ጓድ፣ ያን መነጽርዎን አንዴ ቢያውሱኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያኔ መነጽር የተማረ ሰው ጌጥ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት መነጽር ስትጠይቅ ከረባት የጠየቀች ያህል ነው። እሱም አውልቆ በመሀረቡ እየወለወለ፣ «መጀመሪያ ተማሪ፤ መነጽሩ ይደርሳል። የተዘጋው ጭንቅላትሽ ነው» አላት።

ያለ መነጽሩ አንዲት መስመር የማይዘልቅ ሰው ነው ይህን የሚለው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደደብ ነበር፣ ያውም የሚጨበጨብለት ደደብ።

እናቴ እዚያ አዳራሽ ዳግመኛ አልረገጠችም። ከዚያ ወዲያ ማንም ወረቀት ሲያቀብላት «የእኔ ጭንቅላት ዝግ ነው» ትል ነበር፣ እየሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰባ ዓመት ሲሞላት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሦስት ቁጥር መነጽር አደረገላትና ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ሰጣት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ አንዱንም አልረሳችም።

«ዕድሜ ነው እናቴ» አላት ሐኪሙ። «ከአርባ በኋላ የቅርቡ ለሁሉም ይደበዝዛል።»

ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በሲዳምኛ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው ያፈርኩት?» አለችኝ።

«በከንቱ ነው» አልኳት።

መነጽሩን ገዛሁላት። እስክትሞት ድረስ ግን ሰው ፊት አንድም ቀን አላደረገችውም።