ከችግኝ ተከላው በማግሥቱ

ሕመሜ ስም ያገኘው ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ትከሻዬንና ጉልበቴን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች «ፋይብሮማያልጂያ ይባላል» አለችኝ። ቃሉን ባለቤቴ ቀድሞኝ ያዘው፤ ቤት እስክንደርስ ባጃጁ ውስጥ እየደጋገመ ሲያጠናው ነበር። አሁን እሱ የለም። እኔም ጣቶቼ እንደፈቀዱልኝ፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያልሁ፣ ሕመሙ ስም ባልነበረው ጊዜ የሆነውን አንድ ነገር እጽፋለሁ።

በደርጉ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ በፈረቃ ይሠራል። እኔ ከሩቅ አገር ተድሬ የመጣሁ ስለሆንሁ ዘመድ የምለው የእመቤታችንን ጽዋ ማኅበር ነበር። በየወሩ አንዷ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛዋ ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎውን ደፍታ፣ ቆማ ታስተናግዳለች፤ በመጨረሻም ጽዋውን በገዛ እጇ ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች። ቀበሌው እንዲህ ያለውን ነገር በጥሩ ዓይን ስለማያይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ ነበር።

የኔ ተራ በደረሰ ቁጥር አልጋ ላይ እያገኘኝ ለሌላ ሲተላለፍ ኖሯል። ሰነፍ መባሌን ሰምቻለሁ። በዚህኛውም ካላስተናገድሁ ከማኅበሩ እንደምወጣ ማንም ሳይነግረኝ አውቄው ነበር።

በተራዬ ዋዜማ ቀበሌው ለችግኝ ተከላ ቤዛዊት ኮረብታ ጠራን። በዚያ ጧት ስነሣ አንድም የሚያመኝ ቦታ አልነበረም። እንዲህ ያለው ጧት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በመጣም ጊዜ ልቤ ይሰወራል። እመቤቴ ማረችኝ አልሁ። ብትምሪኝ ዝክርሽን ማንም ሳያግዘኝ በእጄ እዘክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና፣ ምሕረት ያገኘ ሰው እንዴት ይቀመጣል?

ቆፈርሁ። ውኃ ተሸክሜ ኮረብታውን ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሐይቁን አየሁት፤ ዳር የለውም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ማንም የሚይዘው አይመስልም። እኔም እንደዚያ ነበርሁ። ከኮረብታው ወርጄ ወፍጮ ቤት ሄድሁ፣ ቤቱን ጠረግሁ፣ ከቀናት በፊት የጠነሰስሁትን ጠላ ውኃ ሞላሁበት፣ ሊጡን አቦካሁ። የነካሁት ሁሉ ላባ ሆነልኝ።

ባለቤቴ ለማታ ፈረቃ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ያየኛል።

«አንቺ፣ በቃሽ። ለነገም አትርፊ እንጂ።»

«ዛሬ የምሕረት ቀን ነው፤ ተወኝ።»

«እመቤታችን ነገም አለች» ብሎ ሄደ።

የጢስ ዓባይ መብራት ሲቋረጥ ፋብሪካው እንዴት እንደሚሆን ነግሮኝ ያውቃል። ያ ሁሉ ማሽን ክሩ ሳይበጠስ፣ ጥርሱ ሳይሰበር፣ በአንድ ትንፋሽ ዝም ይላል። በማግሥቱ ጧት እኔ እንዲያ ሆንሁ። እጄን ከአንሶላው ላይ ላነሣት ብፈልግ የሌላ ሰው እጅ ያህል ራቀችኝ። አንሶላው የነካኝ ቦታ ሁሉ ያቃጥላል። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ ግን መደነቄ በለጠ። ትናንት ኮረብታ የወጣው ይኸው ገላ ነው? ያ ሁሉ ኃይል ከየት መጣ፣ አሁንስ ወዴት ሄደ? እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ምን ያህል ስውር ነገር አኑሯል?

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ የጥጥ ብናኝ ጠጉሩ ላይ ነበር። አየኝና ወደ ሊጡ ሄደ።

«ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ነው። ከታች ምኑ ነው የሚነጠፈው?»

«ኮባ» አልሁት። «አንተ ግን ወንድ ነህ፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሲመጣ የሚለውን እንሰማለን» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

በዚያ ዘመን እጁን ጠላ ጋን ውስጥ የሚከት ወንድ አይቼ አላውቅም። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፤ እሱ የሌሊቱን እንቅልፍ ሳይተኛ ጠላውን ያጠልላል፣ ይጋግራል፣ ይቀቅላል።

ከሰዓት ሴቶቹ መጡ። የማኅበራችን መሪ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አሮጊት፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ተረኛችን ጢም አበቀለች እንዴ?»

«ይግቡ እትዬ፤ ለሚቀጥለው ተላጭታ ትጠብቅዎታለች።»

ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። በሰፈሩ ምላሷ የሚፈራ አንዲት ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም።

«ትናንት እንደ ጎረምሳ ስትቆፍር በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ለልማት ሲሆን ትቆፍራለች፣ ለእመቤቴ ሲሆን ትተኛለች?»

በሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር።

«እኔም አይቻታለሁ» አለ ባለቤቴ። «ትናንት ያየሽው እውነት ነው፤ ዛሬ እዚህ የተኛችውም እውነት ናት። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሆኑ እንጃ፤ እኔም አልገባኝም።»

እትዬ መጋረጃውን ገለጡና ገቡ። መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ገና ከማሳረፋቸው ገላዬ ሸሸ፤ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ጽዋውን ወደዚህ አምጡት» አሉ።

ሁሉም ተነሥተው ገቡ። ጓዳችን ጠባብ ነበረች፤ ገሚሶቹ ወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ፣ የቀሩት መጋረጃውን ይዘው ቆሙ። ጸሎቱ በዝቅታ አልጋዬን ዞረው። ያን ያህል ሰው ለኔ ብሎ ሲተነፍስ ሰምቼ አላውቅም።

ጽዋውን የማስረክብበት ጊዜ ደረሰ። ባለቤቴ መዳፉን ከክርኔ ሥር አደረገ። ቀጣይዋ ተረኛ ያችው ጎረቤቴ ነበረች። ጽዋውን ስትቀበል ጣቶቼ መጨበጥ እንዳቃታቸው አየች፤ ቶሎ አልወሰደችውም።

«ድፎሽ ግን ከሥሩ አሯል» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የኔ አይደለም፣ የሱ ነው» አልኋት፤ ያኔ እሷም ሳቀች።

ከማኅበሩ አልወጣሁም። ወሬው ግን ፋብሪካ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «ጠማቂው» ተባለ። ሲጠሩት አንድም ቀን ሳይከፋው አቤት ይላል። በለቅሶው ላይ ያረጁ የፋብሪካ ጓደኞቹ በዚያው ስም እየጠሩ ሲያለቅሱለት፣ አጠገቤ የተቀመጠች እንግዳ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጠላ ቤት ነበራችሁ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ቀን ይህን ሁሉ የምተርክበት አቅም አልነበረኝም።

«አዎ» አልኋት። «ጠላው ጥሩ ነበር።»