የፊሎሜና ጆሮ

ፊሎሜና ውሃ ዳር ስትቀመጥ ዓይኗን ጨፍና አታውቅም። ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ በጆሮም በሆድም ማዳመጥን የሰሜን አውስትራሊያ የዳሊ ወንዝ ሰዎች ዳዲሪ ይሉታል። እሷ የተማረችው በልቅሶ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ውሃው ዳር የሚውሉት ዝይዎች በድንገት ዝም ሲሉ ሰምታለች፤ ግን ከእኩዮቿ ጋር ስትሳሳቅ ነበርና ነገሬ አላለችውም። ወንድሟን አዞ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አዳመጠች። በበጋው መጨረሻ ኩሬዎቹ ሲደርቁና ኤሊዎቹ ጭቃ ውስጥ ሲቀበሩ፣ የመንደሩ ሴቶች እሷ «ግቡ» ሳትል እግራቸውን አይነክሩም። ካለፈው ዝናብ ጀምሮ ግን ጆሮዋ እየከዳት ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ የሰውን አፍ እያየች ትመልሳለች። «ግቡ» ማለቷንም አልተወችም።

የዛን ቀን ከታናሽ ወንድሟ ልጅ ከማርሴላ ጋር ብቻ ኤሊ ፍለጋ ወደ ኩሬው ወረዱ። ማርሴላ ክሊኒክ ነው የምትሠራው።

«አክስቴ፣ እኛ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ዳዲሪ ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ አንዲት ፈረንጅ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች።»

«እሷ ሰፈር አዞ የለም ማለት ነው።»

ማርሴላ ሳቀች። ፊሎሜና የሳቀችውን ያወቀችው ጥርሷን አይታ ነው።

ጭቃውን በብረት ዘንግ እየወጉ ይፈልጋሉ። ድንጋይ ቀጭ ይላል፣ የኤሊ ቅርፊት ደግሞ እንደ ባዶ ቅል ኳ። ሦስት ኤሊ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ ማርሴላ እስከ ጉልበቷ ሰጥማ ወደ መሀል ዘለቀች። ፊሎሜና ዳር ቀረች።

«አክስቴ!» አለች እጇን እያወዛወዘች። «የኤሊዎቹን አባት አገኘሁት መሰለኝ። በጣም ትልቅ ነው።»

«ድምፁስ?»

«ድምፅ የለውም። ትንሽ ይገባል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋኛል።»

ኤሊ መልሶ አይገፋም። ፊሎሜና ዙሪያው ጭር ብሎባታል። ጭር ያለው ግን ኩሬው ይሁን የገዛ ጆሮዋ መለየት አቃታት።

«ዘንጉን ልቀቂው። እንዳትንቀሳቀሺ። ዝይዎቹ ይጮሃሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ አልሰማም፣ ልጄ። ከሰማሁ ቆየሁ። ይጮሃሉ?»

ማርሴላ ቀልድ መስሏት ቀና አለች። የአክስቷን ፊት ስታይ ወደ ዝይዎቹ ዞረች። «ዝም ብለዋል።»

«እንግዲህ አንቺ ስሚልኝ። የራስሽን ትንፋሽ ተዪው፤ ከእሱ በታች ያለውን ስሚ።»

ቆሙ። ዝንብ ማርሴላ ከንፈር ላይ አረፈ፤ አላባረረችውም። ፊሎሜና የምታየው የልጅቷን አፍ ብቻ ነበር።

«በቀኜ በኩል… ጭቃው ይተነፍሳል» አለ አፉ።

«የአዞው ራስ እዚያ ነው። በሆድሽ ተኚና በግራ በኩል ተሳቢ። ቀስ ብለሽ።»

«ጅራቱስ?»

«ጅራቱን አላውቅም።»

ልጅቷ ተኛች፤ እንደ ኤሊ እየተሳበች መጣች። ፊሎሜና ብቻውን ከቆመው ዘንግ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ጭቃ የለበሰ እጅ አንጓዋን ሲይዛት፣ ዘንጉ ቀስ ብሎ ዘመመ። ሰው እንደያዘው ሁሉ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ።

ከዛፍ ሥር ተቀመጡ።

«በዚህ በጋ ስንት ሴት ነው አንቺን አምኖ የገባው?» ብላ ማርሴላ ጆሮዋ ሥር ጮኸችባት።

ፊሎሜና ይህኛውን ሰምታዋለች።

ቆይቶ ማርሴላ እጇን አክስቷ ጉልበት ላይ አሳረፈችና በጣቷ መታ መታ ታደርግ ጀመር። ፊሎሜና ገባት፤ ዝይዎቹ እንደገና እየጮሁ ነው፣ ልጅቷም በጮሁ ቁጥር እያስቆጠረቻት ነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዓይናቸው ግን ከዘንጉ አልተነቀለም።

ከዚያ ጣቷ ቆመ።

ከረጢቱን እዚያው ትተው ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ጭቃው እንዳዞሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወደ ኋላ እየረገጡ ራቁ።