ሳልታመም ተማሩብኝ

ጤነኛ ሆኜ ሳለሁ እብድ ነህ ተብዬ ተያዝኩ። የያዘኝ ፖሊስ አይደለም፤ ተማሪዎቹን ያስከተለ የጤና ኮሌጅ መምህር ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሰሞኑን ጂንካ፣ ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ስለ አእምሮ ጤና በየሰፈሩ እየዞሩ ያስተምራሉ አሉ። “አባባ፣ ከቤተሰብዎ አእምሮውን የታመመ ሰው አለ?” አለችኝ። “መንግሥት አለ ብሎ ነበር” አልኳት። ግራ ገባት። ቁጭ በይ ብዬ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና ጽሑፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም ግድ የለኝም።

እኔ ከጂንካ ወዲያ ቆላ የሚኖረው የበና ሕዝብ ልጅ ነኝ። በእኛ ወግ ወንድ ልጅ ከብት ሳይዘል አያገባም። ከብቶቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እሱ ራቁቱን በጀርባቸው ላይ ይሮጣል። ከዝላዩ በፊት ባለው ጊዜ ኡኩሊ ይባላል። ልጅም አይደለም፣ ሙሉ ሰውም አይደለም፣ መሃል ላይ ነው። ፀጉሩን ከፊት ይላጫል፣ ልብሱን ይጥላል፣ አጭር ዱላ ይዞ ከዘመድ ዘመድ ይዞራል። ለየዘመዱ የተቋጠረ ልጥ ይሰጣል። ዘመድ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይቆርጣል፤ ቋጠሮው ያለቀ ዕለት ዝላዩ ነው። እናንተ የሠርግ ካርድ እንደምትበትኑት ማለት ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ኡኩሊ ነበርኩ። ማሽላው ታጭዶ ሰው ሁሉ የጠገበበት ወቅት ነው። አልዱባ ገበያ ማርና ቅቤ፣ ትምባሆና የፍየል ሽታ ተደባልቆ ያውዳል። ከአጎቴ ከአይኬ ጋር ልጤን እያደልኩ ስዞር ከላንድሮቨር የወረዱ ነጭ ለባሾች ከበቡኝ። ቋንቋቸውን አልሰማም። ከጂንካ ያመጡት አስተርጓሚ የአሪ ሰው ነበር፤ የበናን ቋንቋ አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ግን አሳፈረው። መምህሩ “ምን እያለ ነው?” ሲለው “ዝም ብሎ ይቀባጥራል” አለ። ይህን ኋላ ጂንካ ውስጥ የነገረኝ ራሱ አስተርጓሚው ነው፣ እየሳቀ።

ፎቶ አነሱኝ። ክንዴን ይዘው መኪና ላይ ጫኑኝ። አጎቴ ሊያስጥለኝ ቢሞክር አብሯቸው የነበረው ታጣቂ በሰደፍ ገፈተረው። ጂንካ ወስደው አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፉብኝ፤ መርፌ ወጉኝ፤ ተኛሁ። ስነቃ ደግሞ ወጉኝ። እኔ እንቅልፍ ላይ ሳለሁ በየሩቁ ያሉት ዘመዶቼ ወሬው ሳይደርሳቸው የመጨረሻዋን ቋጠሮ ቆረጡ። እንግዳው ከየአቅጣጫው መጣ፣ የማሽላው ጠላ ተጠጣ፣ ከብቱ ተሰለፈ። ዘላዩ የለም።

ለቀውኝ ስመለስ ነገሩ አብቅቶ ጠበቀኝ። የታጨችልኝ ልጅ አባት፣ መንግሥት እብድ ብሎ ለወሰደው ልጄን አልሰጥም አለ። ሽማግሌዎቹም የወሰደው ሰው መጥቶ ጤነኛ ነው ካላለ ሁለተኛ ከብት አይሰለፍለትም ብለው ፈረዱ። ታናሽ ደግሞ ታላቁን ቀድሞ አይዘልም። ስለዚህ ወንድሜም ከእኔ ጋር ቀረ፤ ሁለታችንም ሚስት የለን፣ ልጅ የለን።

አገሩ አስጠላኝና ጂንካ ገባሁ። ዝናብ የማያልቅበት ከተማ ነው፤ ጭቃ እያቦካሁ ቤት እመርግ ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ለምን እንደምንማር አንድ በአንድ ሲጠይቀን፣ ሌላው ለአገር ዕድገት፣ ከድንቁርና ለመውጣት አለ። እኔ “በቋንቋቸው የምሰድባቸው ሰዎች አሉ” አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አማርኛውንም ፊደሉንም የተማርኩት በዚያ ንዴት ነው፤ ንዴት ጥሩ አስተማሪ ነው።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ልጅ፣ እስራኤል፣ የያዘኝ መምህር የሚያስተምርበት ኮሌጅ ተማሪ ሆነ። አንድ ክረምት ለዕረፍት መጥቶ ቆሎ ስንበላ ዓይኑን ከፊቴ አልነቅል አለ። “ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ፎቶዎን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ” አለኝ። ለካ መምህሩ በየዓመቱ የአእምሮ ሕመም ሲያስተምር የእኔን ፎቶ ግድግዳ ላይ እያበራ፣ እብድ ማለት ይህ ነው፣ ራቁቱን ይዞራል፣ ለመንገደኛ ልጥ ያድላል ይላል። ተማሪው ይስቃል። ቆሎው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ። አገሬ ላይ የቀረ መስሎኝ የነበረው ስም፣ ክፍለ ሀገር ተሻግሮ ተማሪ እያስመረቀ ነው።

በዚያን ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ መውጣት አይቻልም። የቀበሌው ሊቀመንበር ለምን ጉዳይ ነው አለኝ።

“እብድ አለመሆኔን ላስረዳ።”

“ይህንንማ እብድ ካልሆነ ማን ይላል?” አለና ማኅተሙን መታልኝ።

አጎቴን ይዤ በጭነት መኪና ተነሣሁ። ወይጦ ላይ ሙቀቱ እንደ እሳት ይገርፋል፤ ሙዝ ገዝተን ጭነቱ ላይ ተቀምጠን በላን። ከኮንሶ በኋላ አቧራው አጎቴን አሸበተው፤ ለነገሩ ሽበታም ነበር። ኮሌጁ ስንደርስ እስራኤል ከኋላ በር አስገባን። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ግድግዳው ላይ እኔ አለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ቆንጆም ነበርኩ። ተነሥቼ፣

“ይህ ሰው እኔ ነኝ” አልኩ።

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። “ድነሃል ማለት ነው?” አለኝ።

“አልታመምኩም። ላገባ ነበር። ጌታው፣ እናንተ አገር ሙሽራ ካባ ደርቦ፣ ዘውድ ደፍቶ እንደ ንጉሥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። እሱን ለምን መርፌ አልወጋችሁትም?”

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ሲሳቅብኝ ኖሮ አሁን ሳቁ የእኔ ሆነ። መምህሩ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወደ ፎቶው ዞረ። ከዚያ “የዚያን ቀን ማንን መጠየቅ ነበረብን?” አለኝ። ለአጎቴ ተረጎምኩለት። “እኔን። አጠገቡ ነበርኩ” አለ አጎቴ።

መምህሩ ወንበር አስመጥቶ አስቀመጠው። እናንተ ዘንድ በእውነት የታመመ በምን ይታወቃል ብሎ ጠየቀው። አጎቴም አለ፦ ልብስ ስለጣለ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ወንድ ሁሉ በሬውን በዘፈን ያሞግሳል፤ የሚወደው በሬ ስም ሲጠራ ዝም ያለ፣ ወተቱን ዝንብ የሚጠጣበት፣ እሱ ታሟል። በዚያን ዕለት ገበያው ላይ እንዲህ ያለ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ልብስ ስለለበሰ አልፋችሁት ሄዳችሁ። ተማሪዎቹ ይጽፉ ጀመር። መምህሩም አብሯቸው ጻፈ።

እዚያው ተሳስቻለሁ አለ። እኔ ግን እዚህ የተባለ አልዱባ አይሰማም፣ መጥተህ ለሽማግሌዎቹ ንገር አልኩት። ቀን ቆርጦ እመጣለሁ አለ። አላመንኩትም።

መጣ። ተማሪዎቹንም አመጣ። አስተርጓሚውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥርት ያለ የበና ልጅ። መምህሩ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ “ይህ ሰው ጤነኛ ነበር። ሳልጠይቅ የፈረድኩ እኔ ነኝ” አለ። ሽማግሌዎቹ በቅል የቀረበውን የቡና ገለባ ውሃ ከአፋቸው እየረጩ መረቁት። ሸሚዙም ፊቱም ራሰ፤ አልጠረገውም። ወዲያው ዛፍ ሥር የተባለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ አየው፤ ሕክምናም አስጀመረው። ያ ሰው ከዓመት በኋላ በሬውን ሲያሞግስ ሰምቻለሁ።

መምህሩን ያመነው አጎቴ ልጤን ቀድሞ አሳድሎኝ ነበርና ከሰዓት በኋላ ከብቱ ተሰለፈ። ሴቶቹ መለከታቸውን ነፉ፣ አቧራው ቦነነ። ከእኔ እኩል ኡኩሊ የነበሩት አግብተው ልጅ ወልደው ነበር፤ እኔ ገና ዘላይ ነኝ። በጀርባቸው ላይ ሮጥኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሜ ሮጥኩ። አልወደቅሁም። ወንድሜ እንደ እብድ ይጮህ ነበር፤ ማንም አልያዘውም።

ያቺ የታጨችልኝ ልጅ ጠብቃኝ አልነበረም፤ ሌላ አገባሁ፤ ደግ ሴት ናት። መምህሩም እንደሞተ ሰምቻለሁ። ሰዎች አሁንማ ይቅር በለው ይሉኛል። አላልኩም። የተኛሁባቸውን ቀኖችና የቀሩብኝን ዓመታት ማን ይመልሳል? ግን ቃሉን ጠብቆ የመጣ ሰው ነው፣ ይህንንም ለልጆቼ ነግሬያለሁ። ቂሜ ከእኔ ጋር ይሞታል፤ ስሜ ግን ንጹሕ ነው። ነገሩ ያለቀው አልዱባ ላይ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።