የተጠቀለሉ መዳፎች

ወደ ነገሌ በሚወርደው አውቶቡስ የኋላውን ወንበር ብቻቸውን የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ፈትተው ሁለት መዳፋቸውን ጠቅልለውበታል። ለሰላምታ እጄን ስዘረጋላቸው በኦሮምኛ «ናጋ»፣ ሰላም፣ አሉኝ እንጂ እጃቸውን አልሰጡኝም። ልጅ ያዘለች እናት አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል ደግሞ «ወዲያ ሂጂ!» አሏት።

«እንዴት ያለ ኩራተኛ ነው!» አልኩ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ።

ቦሬ ላይ ለምሳ ስንወርድ፣ የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ከረዳቱ ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። ገና ሳልጠጋቸው «እዚያው ቁም» አሉኝ።

«ሐኪሞች አንገቴን በማሽን ሊያዩ ጨረር ያለው መድኃኒት አጠጡኝ። የአንገትህ እጢ ውስጥ ይቆያል፣ በላብም ይወጣል፣ ከልጅ ራቅ አሉኝ። ስለ ፍየል ብጠይቃቸው ሳቁ። ፍየሎቼ ጨው ፍለጋ መዳፌን ይልሳሉ። የፍየል እጢ እንደ ሰው ይይዘዋል ወይስ ወደ ወተቱ ይለቀዋል? ወተቱን የሚጠጡት የልጅ ልጆቼ ናቸው።»

ፊቴ ጋለ። ሃያ ዓመት ፍየል ሳክም ይህን አስቤው አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አሳፈረኝ።

«ምንም አይሆንም አባባ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጥምጥሙን መዳፋቸው ላይ አንድ ዙር ጨምረው አጠበቁት።