ዘጠነኛው ኪስ

ዛሬ ጠዋት ቧንቧችን ሳለ። የካ ሚካኤል አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገር። በፈረቃ የሚለቀቅ ውሃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው። ቧንቧው ልክ እንደ እኔ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ትልቅ ነገር ሊናገር የተዘጋጀ ይመስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቢጫ ጀሪካኖቼን ደርድሬ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁት ብቸኛ ሹመት የጀሪካን ጠባቂነት ነው፤ እሱንም በወጉ አልሠራሁትም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቧንቧው ሳል ነው ጋሽ ኩምሳን ያስታወሰኝ። እሳቸውም ከመናገራቸው በፊት እንዲሁ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ነበር።

ጋሽ ኩምሳ በንጉሡ ጊዜ የሰፈራችን እንደራሴ ነበሩ። ከዚያ በፊት እንጦጦ ሥር ባሕር ዛፍ ነበራቸው፣ አጠና እያስቆረጡ ይሸጣሉ። ፓርላማ ከገቡም በኋላ ኮታቸውን የቅጠሉ ሽታ አልለቀቀውም። የተመረጡት በአንድ ነገር ነው፤ በቦኖ፣ በሰፈር የሕዝብ ቧንቧ። ያኔ እናቶቻችን እንስራ አዝለው ምንጭ ይወርዱ ነበር። የእናቴ ትከሻ ላይ ገመዱ ያወጣውን ጠባሳ አሁንም በዓይኔ አየዋለሁ። ጋሽ ኩምሳ ለታች ሰፈሩ በአማርኛ፣ ለላይ ሰፈሩ በኦሮምኛ፣ "ቦኖ ሳላስተክል አላርፍም" አሉ። ሰውም አመናቸው፤ መረጣቸው።

አባቴ ወርቁ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ። ጋሽ ኩምሳ ወደ ፓርላማ የሚሄዱት በእግራቸው ስለ ነበር ጠዋት ጠዋት በየአጥሩ ሥር ሰው ወረቀት ይዞ ይጠብቃቸዋል። አንዱ መሬቱን ተነጥቋል፣ ሌላው ጡረታው ቀርቶበታል፣ የአንዷ ወንድም ታስሯል። እሳቸው ማንንም "ነገ ና" ብለው አያውቁም፤ ተቀብለው ኪሳቸው ይከቱታል። ወረቀቱ እየተቀላቀለ ቢያስቸግራቸው አባቴ ኮታቸው ውስጥ ስምንት ኪስ ሰፋላቸው። ፍርድ ቤት በቀኝ፣ መሬት ከሥሩ፣ ጡረታ ከጎኑ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የውሃው ጉዳይ በግራ፣ ልባቸው ላይ። ዓይናቸው ደካማ ነበር፤ ወረቀቱን የሚለዩት በመልኩ ሳይሆን በኪሱ ነው።

ማታ ዳገቱን ሲመለሱ እንስራ ያዘሉት ሴቶች ቆም ይሉና፣ "ጋሽ ኩምሳ፣ ዛሬስ?" ይሏቸዋል።

"ገና ነው፣ እናቴ። ተራ አልደረሰኝም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሰማን። ኮቱ በየወሩ እየከበደ፣ እሳቸው በየወሩ እየጎበጡ ሄዱ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ እስካሁን በዙሪያው ስዞር የቆየሁት ፈርቼ ነው። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰባት ማባዣ አልገባ ብሎኝ መዳፌ በመምህሬ ማስመሪያ አብጧል። አገሩ ሁሉ አቤቱታ ሲጽፍ እያየሁ እኔ ምን ይጎድለኛል? አባቴ ልብስ ከሚለካበት ቡናማ ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩ፦ "የሰባት ማባዣ ከሕዝብ አቅም በላይ ስለ ሆነ በሕግ እንዲሻርልን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።" ስሜን አልጻፍኩም። ሞኝ ብሆንም ፈሪ ሞኝ ነበርኩ።

የዚያን ሰሞን የኮቱ ገበር ተቀዶ መጣ። አባቴ ወረቀቶቹን በየኪሳቸው ለይቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፣ ገበሩን ሰፋ፣ "በል በየቦታቸው መልስ" አለኝ። መለስኩ። የራሴን ግን የት ላድርገው? ቶሎ እንዲታይልኝ ብዬ በግራ በኩል፣ ከውሃው ወረቀት ፊት አደረግሁት።

በማግስቱ የጋሽ ኩምሳ ተራ ደረሰ።

የሆነውን የነገረን የፓርላማው ዘበኛ የነበረ ጎረቤታችን ነው። ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እጃቸውን ልባቸው ላይ ከተቱ። ያወጡትን ወረቀት ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው አነበቡት። "በታላቅ ትሕትና" ጋ ሲደርሱ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ፣ "ለትምህርት ኮሚቴ ይመራልዎታል" አላቸው። ጋሽ ኩምሳ ትክክለኛውን ወረቀት ፈልገው ሲያገኙ፣ "ጊዜዎ አልቋል፣ ይቀመጡ" ተባሉ። ተቀመጡ።

በነጋታው ሱቃችን መጡ። እኔ የጨርቁ ክምር ሥር መግባት አማረኝ። ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

"ወርቁ፣ አንድ ኪስ ጨምርልኝ።"

"ዘጠነኛ? የምን ጉዳይ ሊይዙበት ነው፣ ጌታዬ?"

"የልጆች።"

አባቴ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ልብስ የሚለካበት ቡናማ ወረቀት ማን ሱቅ እንደሚገኝ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"ና እስቲ አንተ። ሰባት ጊዜ ስምንት?"

"ሃምሳ... አራት።"

"እውነትም ከአቅም በላይ ነው" አሉ።

"ምኑ?" አለ አባቴ የስፌት መኪናውን እየረገጠ።

"ሥራው ነዋ። ስፋ ዝም ብለህ።"

ሌላ ቃል አልተነፈሱም፤ ለአባቴም፣ ለማንም። የፓርላማው ወሬ ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ዳገቱን ሲወጡ ልጆች፣ "ሰባት ጊዜ ሰባት!" እያሉ ይከተሏቸው ጀመር። ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ ዝም ብል ይነቃብኛል ብዬ። በሚቀጥለው ምርጫ ወደቁ። ያሸነፈው መኪና ነበረው፤ አጥር ሥር ለቆመ ሰው አያቆምም። ቦኖ የተተከለው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። እናቴ መጀመሪያ ቀን ወርዳ አየችው፤ ወገቧ ግን ከዚያ ወዲያ አልቀናም።

ጋሽ ኩምሳ ከወደቁም በኋላ ጠዋት ጠዋት ያንን ኮት ለብሰው ይወርዱ ነበር። እንደራሴ አይደሉም ቢባልም ሰዉ ወረቀቱን መስጠት አልተወም፣ እሳቸውም መቀበል አልተዉም። በየቢሮው በር ቆመው ያደርሱ ነበር።

ሲሞቱ ሚስታቸው ኮቱን ለአባቴ አመጡለት። "ለልጅህ አጥብበህ ስጠው" አሉት። አባቴ ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈታ። ስምንቱ ባዶ ነበሩ፤ የሰው አደራ አንድም አልቀረባቸውም። ከዘጠነኛው አንድ ቡናማ ወረቀት ወጣ። አባቴ አነበበው፣ የገዛ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እጄ ላይ አስቀመጠውና መኪናውን መርገጥ ቀጠለ።

ኮቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆነው። ወረቀቱ ግን የመታወቂያዬ መያዣ ውስጥ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። ከጽሑፌ በታች፣ ዓይኑ በደከመ ሰው ትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ተገቢ ጥያቄ ነው። ከውሃው ቀጥሎ ይታያል። ኩምሳ።"

የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ ብቅ አለችና ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። ቧንቧው አንዴ ሳል አለና ዝም አለ።

"አባባ፣ መጣ እንዴ?"

"ገና ነው፣ እናቴ" አልኳት። "ተራ አልደረሰንም።"